ለእያንዳንዱ ማሳ እንደ ልኩ

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 28 የኢየሩሳሌምን ገዢዎች ሲገሥጽ ቆይቶ መጨረሻው ላይ ወደ እርሻ ማሳ ይወርዳል። ስለ አንድ ገበሬ ይናገራል። ያ ገበሬ ዘመኑን ሁሉ ሲያርስ አይኖርም፤ መሬቱ ሲለሰልስለት ወደ ዘር ይሻገራል። ሲዘራም ሁሉን በአንድ ዓይነት አይበትንም፤ አዝሙዱም፣ ከሙኑም፣ ስንዴውም፣ ገብሱም የየራሳቸው ቦታና አዘራር አላቸው። ሲወቃ ደግሞ ለስላሳውን አዝሙድ በበትር ይመታዋል እንጂ ከባድ መውቂያ አያስኬድበትም፤ የዳቦውን እህልም ቢሆን እስኪደቅ አይወቃውም። ይህን ሁሉ ልየታ ከወዴት አገኘው? የነቢዩ መልስ ግልጽ ነው፤ ያስተማረው እግዚአብሔር ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንይዛለን። አንደኛ፣ የእርሻ ዕውቀት ከሃይማኖት ውጭ የቆመ ነገር አይደለም፤ ከፈጣሪ የተሰጠ ነው። መቼና የት እንደሚዘራ ያወቀ ገበሬ ስጦታ ተቀብሏል። ሁለተኛ፣ የዚህ ዕውቀት ባሕርይ መለየት ነው፤ ማሳን ከማሳ፣ ዘርን ከዘር፣ ጊዜን ከጊዜ ለይቶ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ልክ መስጠት። እንግዲህ ሞባይሉ፣ የሳተላይት ሥዕሉ፣ የአፈር ካርታው፣ የድምፅ መልእክቱ እያለ በየዓመቱ ወደ ገጠሩ የሚገባውን ዲጂታል መሣሪያ ሁሉ የምንመዝነው በዚሁ ሚዛን ነው። ገበሬው ማሳውን ለይቶ እንዲያውቅ ከረዳው መልካም መሣሪያ ነው። ሁሉን ማሳ አንድ አድርጎ እንዲያይ ካደረገው ግን ምንም ያህል ቢያምር አይጠቅመውም።

አዳም በገነት ሲቀመጥ ማልማትም መጠበቅም እንደ ተሰጠው ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 2 ይነግረናል። ስለ ማልማቱ ብዙ እንናገራለን፤ መጠበቁን ግን አጥር ከማጠርና ከብት ከመከልከል አናሳልፈውም። መጠበቅ ማለት መሬቱን ቢያንስ የተቀበልነውን ያህል ለም አድርጎ ለልጅ ማስረከብ ነው። ይህን ለማድረግ መሬቱ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። አፈሩ ከዓመት ዓመት እየኮመጠጠ መሆኑን ያላወቀ ሰው ከልቡ እየደከመ አደራውን ሊያጎድል ይችላል። ስለዚህ ማሳን መለካት፣ ምርትን መመዝገብ፣ አፈርን ማስመርመር የሠለጠነ ገበሬ ጌጥ ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም፤ የመጠበቅ ሥራ አካል ነው።

መቁጠር በረከትን ያሳጣልን?

እዚህ ላይ አንድ ፍርሃት ይነሣል፤ በትዕግሥት ልንመልሰው ይገባል። በብዙ አካባቢ ከብትን መቁጠር፣ አውድማ ላይ ያለን እህል ሳይሰፈር ስንት ይሆናል ብሎ መናገር በረከት ያሳጣል ይባላል። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ቆጥሮ መቅሠፍት እንደ መጣበት የሚያስታውሱም አሉ። ታዲያ ኩንታሉን፣ ኪሎውን፣ የሠራተኛውን ቀን በስልክ የሚመዘግብ ገበሬ በዳዊት ስሕተት ውስጥ እየገባ ነው?

አይደለም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 24 ዳዊት የቆጠረው ሰይፍ መምዘዝ የሚችለውን ወንድ ነው፤ አባቶች በዚህ የሚነቅፉት በሠራዊት ብዛት መመካቱን ነው። መቁጠር በራሱ ነውር ቢሆን ኖሮ በኦሪት ዘኍልቍ ሕዝቡ በእግዚአብሔር ትእዛዝ ባልተቆጠረ ነበር። ዮሴፍን እንመልከት። በጥጋቡ ሰባት ዓመት ከግብፅ ምድር ምርት አምስተኛውን እጅ አስቀመጠ። አምስተኛውን ለማውጣት ጠቅላላውን መገመት፣ የሚመጣውን ረኃብ ዘመን ማስላት ነበረበት። የዮሴፍ ስሌት ሕዝብን ከሞት አተረፈ። ጌታችንም አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ ባበረከተ ጊዜ የተረፈው ቁርስራሽ እንዳይጠፋ እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ ወንጌላዊውም 12 መሶብ መሙላቱን ጻፈልን። በተአምር የተገኘው እንኳ ተሰብስቦ ተቆጥሯል። እንግዲህ ልዩነቱ ያለው በመቁጠሩ ላይ ሳይሆን ለምን እንቆጥራለን በሚለው ላይ ነው።

አሥራትንም እናንሣ። ከመቶው አሥር የሚሰጥ ሰው መቶውን ማወቅ አለበት። ምርቱን በጆንያ ግምት ብቻ የሚያውቅ፣ የተሸጠውን፣ የተበላውን፣ ለዘር የቀረውንና ለብድር የወጣውን ያልያዘ ምእመን ሳያስበው ያጎድላል። መዝገብ የያዘ ገበሬ ግን የሚሰጠውን አውቆ፣ ደስ ብሎት ይሰጣል።

ከማሳው ስፋት እንጀምር

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ማሳህ ስንት ነው? አብዛኛው ገበሬ የሚመልሰው በጥማድ ነው። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ በብዙ ቦታ ሩብ ሄክታር ተብሎ ይሰላል። ነገር ግን ብርቱ በሬ በቀይ አፈር ላይ የሚያርሰውና የደከመ በሬ በመረሬ ላይ የሚያርሰው አንድ አይደለም። የመሬት አቀማመጡ ያዘነበለ ከሆነም ሥራው ይለያያል። አባቶቻችን በጥማድ ሲለኩ የሚለኩት ድካምን ነበር፤ ለሥራ ክፍፍል ይህ በቂ ነው። ማዳበሪያና ዘር ግን በድካም አይሰፈሩም፤ በስፋት ነው የሚሰፈሩት።

አንድ ገበሬ ሦስት ጥማድ የሚላት የስንዴ ማሳ አለችው እንበል። በሩብ ሄክታር ስሌት 0.75 ሄክታር ትሆናለች። ስልኩ ላይ ያለውን የቦታ መለኪያ ከፍቶ ድንበሯን ሲዞር 0.62 ሄክታር ሆነች። የግብርና ባለሙያው በሄክታር 100 ኪሎ ዩሪያ ብሎት ከነበረ እስከ ዛሬ 75 ኪሎ ሲበትን ኖሯል፤ የሚገባት ግን 62 ነበር። 13 ኪሎ ዩሪያ በየዓመቱ ያለ አግባብ ወጥቷል ማለት ነው። ዩሪያ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ነው። የተረፈው ናይትሮጅን በዝናብ ታጥቦ ወደ ወንዝ ይወርዳል፣ ወደ አየር ይተናል፣ አለዚያም ስንዴው ከመጠን በላይ ለምልሞ አገዳው እየለሰለሰ ከነዛላው ይወድቃል። ገበሬው ግን መሬቱን እንዳጠገበ ነው የሚያስበው።

ሌላው ጉዳት ደግሞ የበለጠ ነው። ያቺ ማሳ 15 ኩንታል ሰጠች እንበል። በ0.75 ቢካፈል በሄክታር 20 ኩንታል ይመጣል፤ ገበሬውም ከጎረቤቱ ያነሰ ይመስለዋል፣ ዘሩን ይነቅፋል፣ ምናልባትም ጥሩውን ዘር ይተዋል። በ0.62 ሲካፈል ግን ከ24 ኩንታል በላይ ነው። ማሳዋ መልካም አድርጋ ነበር፤ የተሳሳተው መለኪያው ነው። በትክክል ባልተለካ መሬት ላይ የሚሰጥ ፍርድ ሁሉ፣ የዘርም፣ የማዳበሪያም፣ የኪራይም፣ ይጣመማል።

ስልኩም ቢሆን ልኩን ይወቅ። ተራ ስልክ ክፍት ሰማይ ሥር እንኳ ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ሊስት ይችላል። ለሰፊ እርሻ ይህ ምንም አይደለም። 50 በ50 ሜትር ለሆነች አንዲት ጥማድ ግን በእያንዳንዱ ጎን ሦስት ሜትር ቢጎድል 2,500 ካሬ ሜትር የነበረው 2,209 ይሆናል፤ ከመቶ 12 ገደማ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ዛፍ ሥር ሳይቆሙ፣ ማዕዘኑ ላይ ትንሽ እያረፉ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞሮ አማካዩን መውሰድ ይገባል። ማሳዋ በጣም ትንሽ ከሆነች ባለ 50 ሜትር መለኪያ ይሻላል። ሁለተኛ ደረጃ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ የተሰጠው ሰው ደግሞ በእጁ የማሳውን ካርታና ስፋት ይዟል፤ ከሣጥን አውጥቶ ያስተያየው።

ከስፋት ቀጥሎ አፈር

ለብዙ ዓመታት በአገራችን የነበረው የማዳበሪያ ምክር አንድ ነበር፤ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ። አርሲም ጎጃምም፣ ደጋም ወይና ደጋም፣ መረሬም ቀይ አፈርም ያው ነበር። ያ ምክር በዘመኑ ብዙ ገበሬ ማዳበሪያን እንዲያውቅ ረድቷል። ነገር ግን ዳፕ የሚይዘው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ፣ ዩሪያም ናይትሮጅን ብቻ ነው። አፈሩ የጎደለው ሌላ ነገር ቢሆንስ? በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት፣ በተለምዶ ኢትዮሲስ የሚባለው፣ በየወረዳው የአፈር ናሙና እየሰበሰበ በላቦራቶሪና በሳተላይት መረጃ ካርታ ሲሠራ በብዙ ቦታ ድኝ፣ ቦሮን፣ ዚንክ መጉደሉ ታየ። ዳፕ ቀርቶ ድኝ ያለበት ኤንፒኤስ የገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ ኤንፒኤስ ከመቶ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፈረስ (በፒ2ኦ5 ስሌት)፣ 7 ድኝ ይዟል። ይህ የዲጂታል ካርታ ትልቅ ፍሬ ነው። ነቢዩ ያመሰገነው ልየታ በአገር ደረጃ ሲሠራ እንዲህ ያለ ይመስላል።

ካርታው ግን የአካባቢውን ነው እንጂ የአንተን ማሳ አያውቅም። የጓሮውን መሬትና የሩቁን ማሳ ልዩነት ማንም ገበሬ ያውቀዋል። ጓሮው ዓመት እስከ ዓመት አመድ፣ ፍግና የቤት ጥራጊ ሲበላ ኖሯል፤ የሩቁ ማሳ ግን ሲሰጥ ብቻ ነው የኖረው። በካርታ ላይ ሁለቱም አንድ ቀለም ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ የሚቻለው ሰው የራሱን አፈር ያስመርምር። አወሳሰዱ ቸል አይባል። ማሳውን በዚግዛግ እየተጓዙ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ፍግ ከተከመረበት፣ ከዛፍ ጥላና ከመንገድ ዳር ራቅ ብሎ መቆፈር፤ በንጹሕ ባልዲ ማደባለቅ፤ ከዚያም አንድ ኪሎ ያህል ወስዶ የማሳውን ስምና የተወሰደበትን ቀን ጽፎ በስልክ ፎቶ አንሥቶ መያዝ። ፎቶው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ውጤቱ ከወራት በኋላ ሲመጣ የየትኛው ማሳ እንደሆነ የሚነግረን እሱ ነው።

የኮምጣጣ አፈርን ነገር ለብቻው ላንሣው፤ ብዙ ድካም የሚባክንበት ቦታ ስለሆነ። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥሩን ይጎዳል፤ የተበተነውም ፎስፈረስ በአፈሩ ተይዞ ለሰብሉ አይደርሰውም። እንዲህ ባለ ማሳ ላይ ማዳበሪያ መጨመር ገንዘብን መቅበር ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ኖራ ነው። በአንድ ወረዳ ውስጥ ኖራ የሚሻ ማሳና የማይሻ ማሳ አጠገብ ለአጠገብ ሊገኙ ይችላሉ። በዐይን አይለዩም፤ በምርመራ ነው የሚለዩት።

የቤት መዝገብ

ስለ መዝገብ ስናገር ብዙ ሰው የሚያስበው ኮምፒውተርና ሠንጠረዥ ነው። ማንበብና መጻፍ ያልተማረ አባት እኔ ምን ላድርግ ይላል። ትንሹ ስማርት ስልክ እንኳ ድምፅ መቅጃ አለው። ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ፣ ዛሬ ሐምሌ 12፣ የታችኛው ማሳ፣ አረም ነቀልን፣ ስድስት ሰው ዋለ፣ ምሳና ጠላ ከቤት ወጣ ብሎ መቅዳት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። በታኅሣሥ ልጁ ቅጂዎቹን እያዳመጠ በደብተር ቢያወርዳቸው የዓመቱ ሂሳብ ወጣ ማለት ነው። ወንፈልና ደቦ ነጻ ይመስሉናል፤ ምግቡና መጠጡ፣ የምንመልሰውም የሥራ ቀን ግን ወጪ ነው። ያ ካልተያዘ ጤፉ አተረፈ ወይስ ሽምብራው የሚለውን የምንመልሰው በስሜት ነው።

ፎቶም እንዲሁ። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ከአንዱ ድንጋይ ላይ ቆሞ ማሳውን ማንሣት። ዘንድሮ በነሐሴ አጋማሽ ላይ ስንዴው ቢጫ ሲል፣ አምናም በዚያው ሰሞን እንዲህ ነበር ወይ ተብሎ ይታያል። የሰው ትዝታ ጥሩውን ዓመት ያስረዝማል፣ ክፉውን ያከፋል። ፎቶው ያየውን ብቻ ይናገራል። በቴሌብር የተከፈለና የተቀበልነው ብርም ቀኑን ይዞ ስልኩ ላይ ይቀራል፤ በጥሬ ገንዘብ ከተገዛው ይልቅ ለሂሳብ ይቀላል። የስልክ ብድሩን ግን በጥንቃቄ እንየው። ለአጭር ጊዜ የተሠራ ብድር ለእርሻ አይስማማም፤ እርሻ የሚከፍለው አውድማ ላይ ነውና።

ሰማይን ማንበብ

ዝናብ የእግዚአብሔር ነው፤ ይዘንባል አይዘንብም ብሎ መናገር ድፍረት ነው የሚሉ አሉ። ዝናብ የእግዚአብሔር መሆኑ እውነት ነው። ጌታችን ግን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ሰዎች በምዕራብ ደመና አይተው ዝናብ እንደሚመጣ፣ የደቡብ ነፋስን አይተው ሙቀት እንደሚሆን ማወቃቸውን ሲያነሣ ሰማዩን ማንበባቸውን አልነቀፈም፤ የነቀፈው ይህን ማወቅ ችለው ዘመኑን አለመለየታቸውን ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም በባሕረ ሐሳብ ዘመንን ትቆጥራለች፤ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ታስባለች፤ የክረምቱን መግቢያም በዘርና በደመና ትጠራዋለች። ወቅትን ማስላት ለእኛ ባዕድ አይደለም።

የሜትሮሎጂ ትንበያ ትንቢት አይደለም፤ ግምት ነው፤ አነባበቡን ማወቅ ያሻል። የክረምቱ ዝናብ ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 45 ከመቶ፣ መደበኛ የመሆኑ 35፣ ከመደበኛ በታች የመሆኑ 20 ነው ቢባል፣ ዘንድሮ በእርግጥ ብዙ ይዘንባል ማለት አይደለም። እንደ ዘንድሮ ያሉ 20 ክረምቶች ቢኖሩ ዘጠኙ ዝናባቸው የበዛ፣ ሰባቱ የተለመደ፣ አራቱ ያነሰ ይሆናሉ ማለት ነው። ብልህ ገበሬ ያለውን ሁሉ ለዘጠኙ አይሰጥም፤ ውኃ የሚተኛበትን መረሬ ያጠናፍፋል፣ ለአራቱም ቶሎ የሚደርስ ዘር በጥቂቱ ያስቀምጣል።

ትንበያው የሚናገረው ስለ ሰፊ አካባቢ ነው፤ ማሳችን ላይ የወረደውን ለማወቅ ግን ራሳችን እንለካ። ቀጥ ያለ ጎን ያለው ዕቃ በግልጥ ሜዳ ላይ አቁሞ የተጠራቀመውን ውኃ ከፍታ በማስመሪያ ማንበብ ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ዝናቡ ገባ የሚሉት በሦስት ቀን ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ሲወርድና ከዚያ ወዲያ ረጅም ደረቅ ጊዜ ሳይከተል ሲቀር ነው። የመጀመሪያው ነጎድጓድ አታልሎት የዘራ ገበሬ ዘሩን ይከስራል። በስልክ የተያዘ የአምስት ስድስት ዓመት ዝናብ ደግሞ የቀበሌው ሀብት ነው።

አሁን ነፋስ ወደሚያደርሰው የስንዴ በሽታ፣ ወደ ዋግ እንምጣ። ዲገሉ የሚባለው የስንዴ ዝርያ ቢጫ ዋግን በመቋቋሙ በብዙ ገበሬ ዘንድ ተወዶ ነበር። በባሌና በአርሲ ሰፊ ማሳ በዲገሉ ተሸፈነ። በ2006 ዓ.ም. አዲስ የግንድ ዋግ ዘር ተነሣና ያንኑ ዝርያ ለይቶ መታው፤ በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ስንዴ ተጎዳ። ሁሉን ማሳ በአንድ ዘር መሸፈን ልየታን መተው ነው፤ ዋጋውም ይህ ነው። ዋግ በነፋስ ይጓዛል፤ በሚስማማው አየር በሁለት ሳምንት ገደማ አንድ ትውልድ ይጨርሳል። ስለዚህ ማሳው ላይ እስኪታይ የጠበቀ ሰው ዘግይቷል። የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል (ሲሚት)፣ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከብሪታንያ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘርግቷል። ባለሙያዎች ማሳ ለማሳ እየዞሩ ያዩትን ዋግ በስልክ ይልካሉ፤ በዚያ ላይ የነፋሱና የእርጥበቱ ትንበያ ተጨምሮ የዋጉ ብናኝ በሚቀጥሉት ቀናት ወዴት እንደሚወርድ ይሰላል፤ ማስጠንቀቂያውም ለግብርና ጽሕፈት ቤቶችና ለገበሬው ይወርዳል። እኔ በእርሻችን ውስጥ ከገባው ዲጂታል ሥራ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ የአንዱ ማሳ መታመም ለሌላው ማሳ መዳኛ የሚሆንበት መንገድ ነውና።

ስለ ሳተላይት ጥቂት ብቻ እበል፤ ተስፋው ከልኩ በላይ ስለሚነገር። ሴንቲኔል ሁለት የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየአምስት ቀኑ ገደማ ይመላለሳሉ፤ ሥዕላቸውም በነጻ ይገኛል። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይመጥጣል፣ ዐይናችን የማያየውን ከቀይ ቀጥሎ ያለውን ብርሃን ግን ይመልሳል፤ በሁለቱ ልዩነት የሰብሉ ልምላሜ ይሰላል። ነገር ግን አንዷ የሥዕል ነጥብ 10 በ10 ሜትር ናት። ሩብ ሄክታር ማሳ 25 ነጥብ ብቻ ይደርሰዋል፤ ከነዚያም 16ቱ ዳር ላይ ስለሚውሉ ከጎረቤት ማሳና ከድንበሩ ሣር ጋር ይቀላቀላሉ፤ የማሳው የራሱ የሆኑት ዘጠኝ ናቸው። በዚያ ላይ ሐምሌና ነሐሴ፣ ማየት በሚያስፈልገን ሰዓት፣ ሰማዩ ደመና ነው። በኩታ ገጠም ለሚያርሱ፣ በመስኖ በበጋ ስንዴ ለሚዘሩ ሥዕሉ ይጠቅማል። ለአንዲት ጥማድ ግን ማለዳ በእግር መዞር ይበልጣል።

ለሌለው ማድረስ

በ2006 ዓ.ም. በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የተጀመረው የ8028 የድምፅ መስመር የተነሣው የማያነበውንም ገበሬ አስቦ ነው። በነጻ ይደወላል፤ ማንኛውም ተራ ስልክ ይበቃል፤ ሲጀመር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ስለ ስንዴ፣ ጤፍ፣ በቆሎና ሌሎች ሰብሎች ያስተምር ነበር። ዲጂታል ግሪን የጀመረው የቪዲዮ ትምህርትም በዚሁ መንፈስ የተሠራ ነው፤ የዚያው አካባቢ ገበሬ በራሱ ቋንቋ ሲሠራ ተቀርጾ በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ማሳያ ለጎረቤቶቹ ይታያል። ሰው ከማያውቀው ይልቅ የሚያውቀውን አምኖ ይማራል። ምክሩ ደርሶ ማዳበሪያው በጊዜ ካልደረሰ፣ ዘሩ ከጠፋ ግን ስልኩ ብቻውን ምርት አይሰጥም፤ ይህን የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በአደራ ሊይዙት ይገባል።

ገበሬው ስለ ማሳው የሚሰጠው መረጃም የራሱ ሀብት ነው። ስሙ፣ የመሬቱ ካርታ፣ ያመረተው፣ የተበደረው ለማን እንደሚሰጥ ጠይቆ ይስጥ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ለምን ትፈልጉታላችሁ፣ ለማንስ ታሳልፉታላችሁ ብሎ መጠየቅ መብት ነው። የሚመዘግቡትም ባለሙያዎች የሰውን ቤት ምስጢር እንደያዙ ይወቁ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። በብዙ ቤት ስልኩ የባል ነው። ጓሮውን የምትይዘው፣ ለዘር የሚሆነውን መርጣ የምታስቀምጠው፣ ጎተራውን ከነቀዝ የምትጠብቀው፣ አረሙን የምትነቅለው ግን ሚስት ናት። ስለ ዘር አቀማመጥ የመጣው መልእክት በባል ኪስ ገበያ ውሎ ሲመለስ ተረስቷል። ስለዚህ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ቤተሰቡን ሲመዘግብ የባልንም የሚስትንም ቁጥር ይያዝ፤ እሷ ስልክ ከሌላት ባል ቁጥሩን ሲሰጥ መልእክቱ ማታ በድምፅ እንደሚሰማ ቃል ይግባ። ባሏ የሞተባት እናት ደግሞ የምታስነብብበት ልጅ በአጠገቧ ላይኖር ይችላል። በሰንበቴና በወርኃዊው ማኅበር ከጸሎቱ በኋላ ሰው ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ ስልክ ያለው አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ 8028 ደውሎ የሰሞኑን ምክር ለሁሉም ያሰማ። ያልገባው ካለ ጥያቄውን እዚያው በድምፅ ይቅዱለትና ባለሙያው በሚመጣበት ቀን ያቅርቡለት።